ዩኒቨርሲቲና ሠርቶ አደሩ ሕዝብ፦ ራስ ገዝነት ለማን ጥቅም?

ዕውቀት የአንድ ግለሰብ ወይም የጥቂት ምሁራን የግል ሀብት ሳይሆን የኅብረተሰብ የጋራ ጥረት ውጤት መሆኑ የታወቀ ነው። አንድ ወጣት በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ተቀምጦ የሚማረው ገበሬው አርሶ፣ ወዝ አደሩ ከመኪና ጋር ታግሎ፣ ጉልት ቸርቻሪዋ በፀሐይ ተቀምጣ ከሚያዋጡት ሀብት ላይ ተቆርሶ ነው። ያለፈው ትውልድ ምሁር «ሳይማር ያስተማረን ሕዝብ» የሚለውን አባባል ከአፉ የማይለየው ይህን ዕዳ ስለሚያውቅ ነበር። ይሁን እንጂ ዕዳን በአንደበት ማመንና ዕዳን መክፈል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዛሬ የምናነሳው ጥያቄም ከዚሁ የሚመነጭ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተግባር ምን መሆን እንዳለበት የሚወስነው ማን ነው? ውሳኔውስ የሚመዘነው በማን ጥቅም ነው?

ይህ የምሁራን ብቻ ጉዳይ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። በቦሌ አራብሳ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች የሚኖር፣ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ ወደ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ወይም ወደ መሐል ከተማ የሚጓዝ ሠራተኛ «ስድስት ኪሎ ስለሚገኘው ግቢ እኔን ምን አገባኝ?» ሊል ይችላል። በእኛ እምነት ግን በሚገባ ያገባዋል። አንደኛ፣ የተቋሙ ወጪ ከእሱ ኪስም ይወጣል። ሁለተኛ፣ ልጁ ነገ በዚያ በር ትገባለች ወይም አትገባም። ሦስተኛ፣ የሚኖርበት ሕንፃ፣ የሚጠጣው ውኃ፣ የሚከፈለው ደመወዝ ሁሉ ጥናት የሚጠይቁ ጉዳዮች ናቸውና፣ ጥናቱን የሚያካሂደው ክፍል ለማን እንደሚሠራ ማወቅ መብቱም ግዴታውም ነው።

ጉዳዩን አሁን ለማንሳት ያነሳሳን ዐቢይ ምክንያት አለ። በ2015 ዓ.ም. የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ጸድቋል። በዚህም መሠረት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በትምህርት አሰጣጥ፣ በአስተዳደር፣ በሠራተኛ ቅጥርና በገንዘብ አያያዝ ራሱን እንዲያስተዳድር የተፈቀደለት የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም። ከሰባ ዓመት በላይ ከበላይ በሚወርድ መመሪያ ሲመራ የኖረ ተቋም «ተግባሬን እኔው እወስናለሁ» የሚልበት ምዕራፍ ተከፍቷል። ለውጡን በትክክል ለመመዘን ደግሞ ውኃን ከጥሩው፣ ነገርን ከሥሩ እንዲሉ፣ የኋላውን መመርመር ያስፈልጋል።

ተቋሙ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተብሎ በ1943 ዓ.ም. ማስተማር ሲጀምር የተማሪዎቹ ቁጥር 33 ነበር። የመጀመሪያው ኃላፊ ዶክተር ሉሲየን ማት የተባሉ የካናዳ ኢየሱሳዊ ነበሩ። ዘውዳዊው መንግሥት ከኮሌጁ ይጠብቀው የነበረው ተግባር ግልጽ ነበር፤ እየሰፋ ለሄደው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፊርማና ማኅተም የሚይዝ የተማረ ሹም ማፍራት። በ1953 ዓ.ም. የተለያዩት ኮሌጆች በአንድ ቻርተር ሥር ተጠቃለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ፤ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥትም ለዩኒቨርሲቲው ተሰጠ። ቤተ መንግሥት የትምህርት ቤት ግቢ መሆኑ በጎ ነገር ነው። ነገር ግን ግቢው ሲለወጥ ልማዱም አብሮ ተለወጠ ማለት አልነበረም፤ ወደ ዙፋን አንጋጦ ትእዛዝ መጠበቅ በአዲሱ ግቢ ውስጥም ቀጠለ።

በዚያ ዘመን ግን ተቋሙ ሊመሰገንበት የሚገባ አንድ ሥራ ሠርቷል። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ እያንዳንዱ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ከከተማ ወጥቶ እንዲያገለግል የሚያስገድደውን የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሥራ ላይ አዋለ። ብዙዎቹ በየአውራጃው መምህራን ሆኑ። የገጠሩን ልጅ ሊያስተምሩ ሄደው የገበሬውን ኑሮ ተምረው ተመለሱ። በዚያው በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። ቤተ መንግሥቱ ሹማምንት እንዲወጡለት ባቋቋመው ተቋም ውስጥ ስለ ገባሩ የሚጠይቅ ትውልድ ወጣ። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። ዩኒቨርሲቲ ለአገር ከሰጣቸው ነገሮች ሁሉ የላቀው ከበላይ የታዘዘው ሳይሆን፣ ሕዝቡን በቅርብ ካየ በኋላ ራሱ ያነሳው ጥያቄ ነበር።

ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ የትእዛዙ ይዘት ተለወጠ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. በይፋ የተጀመረው የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ 60 ሺህ ገደማ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማራ፤ ዩኒቨርሲቲውም ለሁለት ዓመት ገደማ መደበኛ ትምህርቱን አቋረጠ። ዘማቾቹ የገጠር መሬት አዋጅ በየካቲት 1967 ዓ.ም. ሲታወጅ ገበሬውን በማኅበር አደራጁ፤ ፊደል አስቆጠሩ፤ ጉድጓድ ቆፈሩ። ዕውቀት ወደ ሕዝቡ መውረዱ ትክክል ነበር። ስሕተቱ ዘማቹ በትእዛዝ ሄዶ፣ ያየውን በነፃነት እንዲናገር አለመፈቀዱ ነበር። ከዚያም በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ብዙ ወጣት አለቀ፤ በቤተ ሰቡም፣ በአገሪቱ የዕውቀት ጎተራም ላይ እስከ ዛሬ ያልሞላ ክፍተት ቀረ። የማርክሲዝም ሌኒኒዝም ትምህርት ለተማሪው ሁሉ ግዴታ ሲሆን፣ ነፃ ክርክር የሚጠይቀው ፍልስፍና ለፈተና የሚሸመደድ ጽሑፍ ሆነ።

በ1983 ዓ.ም. ሌላ መንግሥት መጣ። በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስን ጨምሮ ከ40 የሚበልጡ መምህራን ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ጊዜ ተሰናበቱ። በቀጣዩ ዓመት አዲስ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወጣ። በ1995 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ታወጀ፤ የወጪ መጋራት ሥርዓትም ተከትሎ መጣ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ከመቶ ተማሪ 70ው የተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው የማኅበራዊ ሳይንስ እንዲያጠና ተወሰነ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም በጣት ከሚቆጠሩበት ደረጃ ተነሥተው ከ40 በላይ ሆኑ። በዚህ መስፋፋት ከሩቅ ወረዳ የመጣ የደኻ ልጅ ዲግሪ ለመያዝ በቅቷልና መስፋፋቱን በጭፍን የሚያወግዝ ሰው ከሕዝቡ ጎን የቆመ አይደለም። ይሁንና ቤተ ሙከራው ሳይሟላ፣ መምህሩ ሳይዘጋጅ ቁጥር ብቻ ሲሮጥ ጥራት ወደ ኋላ መቅረቱም የማይካድ ሐቅ ነው።

ለውጡ በዚህም አላበቃም። በ2011 ዓ.ም. ለብቻው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ተቋቋመ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ተመልሶ ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ተጠቃለለ። ዩኒቨርሲቲዎችም በምርምር፣ በተግባርና በሌሎችም ዘርፎች እንዲለዩ ተባለ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር መሰጠት ሲጀምር፣ በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ዘንድ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ በቀጣዩ ዓመትም ውጤቱ 3.2 በመቶ ነበር። በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ተጨመረ። ከዚያም የራስ ገዝነቱ አዋጅ መጣ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ በአንድነት ስንመለከተው ምን እናያለን? ዘውዱ ሹም እንዲያወጣለት ፈለገ፤ ደርግ ዘማችና ካድሬ ጠየቀ፤ ቀጥሎ የመጣው መሐንዲስ በቁጥር አዘዘ፤ አሁን ደግሞ በገቢውና በዝናው የሚወዳደር ተቋም እንዲሆን ይጠበቃል። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም እንደሚባለው፣ ጥያቄው በተለዋወጠ ቁጥር ያልተለወጠው የመልሱ አቅጣጫ ነው። ተቋሙ ሁልጊዜ መልስ የሚሰጠው ወደ ላይ ነው። ወደ ጎን ዞሮ ዕዳ ያለበትን ሕዝብ «አንተስ ምን ትጠብቃለህ?» ብሎ የጠየቀበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው።

ከዚህ አኳያ ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች መጋለጥ አለባቸው። የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ የጊዜው ዕቅድ መሣሪያ ከመሆን ያለፈ ተግባር የለውም የሚለው ነው። ይህ አመለካከት ላዩን ሲታይ ለልማት ያሰበ ይመስላል። ነገር ግን ዕቅዱ ራሱ ሲሳሳት ስሕተቱን የሚያመለክተው ማን ነው? የሚሾመውንና የሚሽረውን የሚፈራ ምሁር ለሹሙ የሚነግረው ሹሙ ሊሰማ የሚወደውን ብቻ ነው። በአድርባይነት የተጻፈ ጥናት ደግሞ ወጪው ከሕዝብ ኪስ ወጥቶ፣ ጉዳቱም ተመልሶ በሕዝብ ላይ ያርፋል። ሁለተኛው የተሳሳተ አመለካከት የዚህ ተቃራኒ መስሎ የሚቀርበው ነው። ዩኒቨርሲቲ በደሴት ላይ ያለ ገዳም ነው፤ ዕውቀት ለዕውቀት ሲባል ብቻ ይፈለጋል፤ ሕዝቡ አይጠይቀን፣ እኛም አንጠይቀው ይላል። የዚህ አቋም ባለቤት ነፃነትን የሚሻው ለሥራ ሳይሆን ከተጠያቂነት ለመሸሽ ነው። ሁለቱ አመለካከቶች በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ሁለቱም ሠርቶ አደሩን ሕዝብ ከጥያቄው ውጪ ያደርጉታል።

የራስ ገዝነት አዋጁ ከመጀመሪያው ስሕተት መውጫ በር እንደሚከፍት እንገነዘባለን። መምህሩን የሚቀጥረው፣ ትምህርቱን የሚቀርጸው፣ ገንዘቡን የሚያስተዳድረው ተቋሙ ራሱ ከሆነ ከበላይ በሚመጣ ደብዳቤ ሥራው አይናጋም። ይህን እንደግፋለን። ሆኖም አንድ ትልቅ አደጋ እንዳለ ልንሸሽገው አይገባም። ከመንግሥት ትእዛዝ የተላቀቀ ተቋም በገንዘብ ትእዛዝ ሥር ሊወድቅ ይችላል። ራሱን በገቢ እንዲችል የሚገፋ ዩኒቨርሲቲ መጀመሪያ የሚመለከተው ከፍሎ የሚማረውን ነው፤ ከዚያም ገበያ ያለውን የትምህርት ዓይነት ያሰፋና ገበያ የሌለውን ይዘጋል፤ በመጨረሻም ጥናቱን ለከፈለው ሁሉ ይሸጣል።

ይህ ባዶ ሥጋት አይደለም። በጎረቤት አፍሪካ የታየ ነው። የዑጋንዳው ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ በምሥራቅ አፍሪካ ስመ ጥር ከነበሩት ተቋሞች አንዱ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ዓመታት ለከፋይ ተማሪዎች በሩን በሰፊው ከፈተ። ገንዘብ ገባ፤ ደመወዝ ተሻሻለ፤ ብዙዎችም አሞገሱት። ውሎ አድሮ ግን የትምህርት ክፍሎች ከፋይ ተማሪን ለመሳብ እርስ በርስ መሻማት፣ የሌላውን ክፍል ትምህርት በአዲስ ስም ማቅረብ ጀመሩ። ማሕሙድ ማምዳኒ የተባሉት ምሁር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ሂደት መርምረው፣ ገበያ ምርምርን ገፍቶ ከዩኒቨርሲቲው እንዴት እንዳስወጣ አሳይተዋል። እኛም የሌላውን ቁስል አይተን ካልተማርን፣ ነገ በራሳችን ቁስል ለመማር እንገደዳለን።

«ታዲያ ወጪውን ማን ይሸፈን?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አግባብ ነው። የአገሪቱ አቅም የተወሰነ ነው፤ ሀብታሙ በደኻው ግብር በነፃ ይማር የሚል ሙግትም የለንም። መክፈል የሚችል ይክፈል፤ ድርጅት ላሠራው ጥናት ገንዘብ ይስጥ፤ ዩኒቨርሲቲውም ያለውን ንብረት በአግባቡ ይጠቀም። የምንለው ይህ ነው፦ ገንዘብ ተቋሙን የሚያግዝ ይሁን እንጂ የበሩ ቁልፍ አይሁን። የመግቢያ ፈተናውን ያለፈች የልብስ ስፌት ሠራተኛ ልጅ ክፍያ በማጣት የምትመለስ ከሆነ፣ ራስ ገዝነቱ የተቋሙ ነፃነት ሳይሆን የሕዝቡ መገለል ይሆናል። ፈተናውን ያለፉ የዝቅተኛ ገቢ ቤተ ሰብ ልጆች በሙሉ የሚማሩበት ወጪ በግልጽ ደንብ ሊሰፍር፣ በየዓመቱም ምን ያህሉ እንደገቡ ለሕዝብ ሊገለጽ ይገባል።

በሩን መክፈት ግን ግማሹ ሥራ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ በውስጡ ምን ይጠናል የሚለው ነው። አራብሳን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአዲስ አበባ የተስፋፋው የጋራ መኖሪያ ቤት ግንባታ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ነዋሪን ከመንደር ኑሮ ወደ ፎቅ ኑሮ አሸጋግሯል። ፎቅ ለመውጣት የሚቸገር አረጋዊ፣ በፈረቃ የሚመጣ ውኃ፣ በርበሬ የሚወቀጥበትና ድንኳን የሚጣልበት ቦታ፣ ተራርቆ የቀረ ዕድር፣ ለጥገና የሚዋጣ ገንዘብ አያያዝ፤ እነዚህ ሁሉ መልስ የሚሹ የጥናት ጥያቄዎች ናቸው። መልሱን ሊያፈላልግ የሚችል ክፍልም አለ። በ1940ዎቹ ዓመታት የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ የተመሠረተው፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በልደታ የሚገኘው የሥነ ሕንፃና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ዕድሜው ከዩኒቨርሲቲው ቻርተር ይበልጣል። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው እንዳይሆን፣ የዚህ ተቋም መምህርና ተማሪ የአራብሳን ደረጃ ወጥተው፣ ነዋሪውን ጠይቀው፣ ያገኙትን ለነዋሪው መልሰው ማስረዳት ይጠበቅባቸዋል።

ወደ ሥራ ቦታ ስንሻገርም ተመሳሳይ ነገር እናገኛለን። ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2006 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ወጣት ሴቶች በልብስና በቆዳ ፋብሪካዎች ተቀጥረዋል። ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. አጎዋ ከሚባለው የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ገበያ ስትወጣ የፋብሪካ ሠራተኛው የእንጀራ ገመድ ምን ያህል በሩቅ ውሳኔ ላይ እንደተንጠለጠለ ታይቷል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል። አንዲት ሠራተኛ የቤት ኪራይ ከፍላ፣ በልታ፣ ተሳፍራ፣ ለእናቷም ጥቂት ልካ ለመኖር ስንት እንደሚያስፈልጋት በጥንቃቄ ቆጥሮ ለእንዲህ ያለው ቦርድ ማቅረብ የማን ሥራ ነው? አሠሪው የራሱን ሒሳብ ያቀርባል፤ ሠራተኛውም የራሱን አቤቱታ ያሰማል። ለሁለቱም ሳያዳላ እውነቱን ቆጥሮ የሚያስቀምጥ ነፃ ተቋም ያስፈልጋል። ይህን ቁጥር አሠሪውንም ሆነ ባለ ሥልጣኑን ሳይፈራ ማውጣት የሚችለው ነፃ የሆነ ዩኒቨርሲቲ ብቻ ነው። የምሁሩ ነፃነት ለሠራተኛው የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው። በ2003 ዓ.ም. ተቋቁሞ ቂሊንጦ የሚገኘው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም ከምሥራቁና ከደቡብ ምሥራቁ የፋብሪካ ሰፈሮች ጎን እንደመቀመጡ፣ የማሽኑን ብልሽት ብቻ ሳይሆን በማሽኑ ላይ የቆመውን ሰው ጤንነትም የጥናቱ አካል ሊያደርግ ይገባዋል።

ሦስተኛው መመዘኛ ቋንቋ ነው። ጥናቱ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ከዓለም ምሁራን ጋር ለመነጋገር ይህ አስፈላጊ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ስለ አራብሳ ነዋሪ የተጻፈ ጥናት የአራብሳ ነዋሪ ሊያነበው በማይችለው ቋንቋ ብቻ ተጽፎ መደርደሪያ ላይ ከቀረ፣ ነዋሪው ተቆጠረ እንጂ አልተማረበትም። ማናቸውም በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ጥናት ፍሬ ነገሩ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሌሎችም የሕዝብ ቋንቋዎች ታጥሮ ሊወጣ ይገባል። ሠራተኛው ከሥራ በኋላ የሚማርበት የማታ ትምህርትም ለገቢ ማግኛ ብቻ የሚታይ ተጨማሪ ሥራ መሆኑ ቀርቶ፣ ዩኒቨርሲቲው ከሠርቶ አደሩ ጋር የሚገናኝበት ዋና ድልድይ ሊሆን ይገባዋል። የከተማው ምሥራቅ ዳር ላይ የሚኖር ሰው ማታ ስድስት ኪሎ ደርሶ መመለስ የማይችል መሆኑ ከታወቀ፣ መምህሩ ወደ ሰፈሩ የሚመጣበት መንገድ መፈለግ አለበት።

በሕዝቡም በኩል የሚጠበቅ ድርሻ አለ። መብት ተቀምጠው የሚጠብቁት ሳይሆን ተደራጅተው የሚሠሩበት ነገር ነው። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤቶች ማኅበራት፣ ዕድሮችና የሠራተኛ ማኅበራት በየስብሰባቸው የውኃና የጥበቃ ጉዳይ ብቻ ተነጋግረው ሊበተኑ አይገባም። «ዩኒቨርሲቲው ለእኛ ምን ሠርቷል? ምን ልንጠይቀው ይገባል?» የሚለውን በአጀንዳቸው ያስገቡ። ጥያቄዎቻቸውን በጽሑፍ ያቅርቡ፤ ሊያጠና የሚመጣውን ተማሪ በር ዘግተው አይመልሱ፤ በተራቸውም የጥናቱን ውጤት ይጠይቁ። ከዚህም በላይ ከባድ የሆነ ግዴታ አለባቸው፤ አንድ ምሁር እውነት ስለተናገረ ሲባረር «የምሁራን ጠብ ነው» ብለው ዝም አይበሉ። በ1985 ዓ.ም. መምህራን ሲባረሩ ከግቢው ውጪ የነበረው ዝምታ ያስከፈለውን ዋጋ በኋላ የመጣው ተማሪ ሁሉ ከፍሎታል።

በአጭሩ የዩኒቨርሲቲ ነፃነትና የሕዝብ ጥቅም ተቃራኒ ነገሮች አይደሉም፤ አንዱ ያለ ሌላው አይቆምም። ነፃነት የሌለው ዩኒቨርሲቲ ለሕዝቡ እውነት ሊነግረው አይችልም፤ ለሕዝቡ የማያገለግል ዩኒቨርሲቲም ነፃነቱ ሲደፈር የሚቆምለት ወገን አያገኝም። ባለፉት ሰባ ዓመታት መንግሥታት ሲለዋወጡ ተቋሙ ብቻውን ሲንገላታ የኖረው ይህን ወገን ስላላፈራ ነው። ዛሬ ተግባሩን ራሱ የመወሰን መብት በእጁ ገብቷል። መብቱን ለገበያ አሳልፎ ከሰጠው የጌታ ለውጥ ብቻ ያገኛል። ሳይማር ላስተማረው ሕዝብ ካዋለው ግን መጪው ጊዜ ምንም ዓይነት ትእዛዝ ይዞ ቢመጣ ከጎኑ የሚቆም ሰፊ ሕዝብ ይኖረዋል። የአራብሳ ነዋሪም፣ የቦሌ ለሚ ሠራተኛም ጥያቄያቸውን ዛሬውኑ ማንሳት መጀመር አለባቸው፤ ያልተጠየቀ ዕዳ አይከፈልምና።